የእትዬ ያምሮት ወገብ የማን ነው?

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አታውቋትም፤ ብታውቋትም “ኧረ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የለም” ብላችሁ ትከራከሩኛላችሁ፣ እኔ ደግሞ ክርክር አልወድም። የማወራችሁ ከአጥሬ ማዶ ያየሁትን ነው። አጥሬ አጭር ነው፤ ዓይኔም ለጊዜው ደህና ነው።

በእኛ አገር ወላጅ ከሞተ በኋላ ውርስ መካፈል ነውር ነው። “ሙት እንዴት አድርጎ ይመርቃል?” ይላሉ ሽማግሌዎቻችን። ስለዚህ ሰው ፀጉሩ ሸብቶ መንጋጋው መሳሳት ሲጀምር ልጆቹ ይሰበሰቡና ቤቱን በቁሙ ይካፈሉታል። ጣሪያው ለአንዱ፣ ግድግዳው ለአንዱ፣ ወለሉ ለአንዱ። ቤቱ ሲከፈል ባለቤቱም አብሮ ይከፈላል። ጣሪያ የደረሰው ልጅ ከአንገት በላይ ያለውን ይጦራል፤ ያጎርሳል፣ ያበጥራል፣ ያጫውታል። ግድግዳ የደረሰው ከአንገት እስከ ወገብ ነው፤ ወለል የደረሰው ከወገብ በታች። አራተኛ ልጅ ካለ ግቢው ይሰጠውና የወላጁን ጥላ ይጦራል። ከሁሉም የሚቀለው የሱ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ፀሐይ በበዛ ቀን ሲያማርር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ደግሞም “ድርሻ ካደረ ይሻግታል” የሚል ብሂል አለን። ጣሪያ የደረሰው በማግስቱ መሰላል አቁሞ ቆርቆሮውን ይነቅላል። እኔ ሳውቅ እንኳ ስንቱ ሽማግሌ ነው ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ፀጉሩ አምሮና ተቀብቶ፣ ጨዋታ እየተጫወተለት የሚዘንብበት! ልጆቹ ደግሞ ሲጎለምሱ የየራሳቸውን ግድግዳ ያቆሙና የወላጆቻቸውን ጣሪያ ይጠብቃሉ። እንግዳ ሰው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ከተማችንን ሲያያት ግማሹ ቤት እየፈረሰ፣ ግማሹ እየተሠራ ይመስለዋል። ልክ ነው፤ አልተሳሳተም።

ክፍፍሉን የሚያስፈጽሙት የገላ ወሰን ሹም ይባላሉ። ከሰል ይዘው ይመጡና በሰውየው አንገትና ወገብ ዙሪያ መስመር ያሰምራሉ። መስመሩን ማጥፋት ክልክል ስለሆነ ሽማግሌዎቻችን አንገታቸውንና ወገባቸውን አይታጠቡም። የታጠበ ሰው “ወሰን ገፋ” ተብሎ ይከሰሳል። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ለእኛ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ነበር፤ እትዬ ያምሮት እስክትሸብት ድረስ ማለቴ ነው።

እትዬ ያምሮት የአጥር ጎረቤቴ ናት። ሥራዋ ፍራሽ ማደስ ነው፤ የተጋገረውን ጥጥ አውጥታ ትፈለቅቀዋለች፣ ታናፍሰዋለች፣ መልሳ ትሞላዋለች። ባሏ ገና ሳይሸብት ነው የሞተው፤ ስለዚህ ቤታቸው ተከፍሎ አያውቅም። ቤቱ ቤት ነው! ወፍራም ቆርቆሮ፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ የጠረብ ድንጋይ ወለል፣ ከኋላው ደግሞ ጥጥ የምታከማችባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት። ልጆቿ ሦስት ናቸው፤ በኩሩ ዳምጠው፣ መካከለኛዋ ስንቅነሽ፣ መጨረሻው ማንደፍሮ። ደህና ልጆች ናቸው፤ ክፉ ልጆች ቢሆኑማ ነገሩ ሁሉ በቀለላት።

ፍራሽ አዳሽ የማይገባበት መኝታ ቤት የለም። ከዕለታት አንድ ቀን የአቶ ሽበሺ ልጆች ለአባታቸው ፍራሽ አዘዟት። አንዱን ፍራሽ ለሦስት ነው ያዘዙት። ባለ ጣሪያው “ለራስጌው ምርጥ ጥጥ ይሁን” አለ፤ ባለ ግድግዳዋ “መካከሉን ጭድ ቀላቅይበት” አለች፤ ባለ ወለሉ “እግር ምን ፍራሽ ያስፈልገዋል?” ብሎ ጆንያ አመጣ። እትዬ ያምሮት ሦስቱን ወስዳ ስትገጥማቸው በመካከለኛውና በግርጌው መሃል ክፍተት ተፈጠረ። የአቶ ሽበሺ ወገብ ልክ እዚያ ክፍተት ላይ ወደቀ።

“ያምሮት ልጄ፣ እዚች ጋ ትንሽ ጥጥ ጣል አድርጊልኝ እባክሽ” አሏት ሽማግሌው።

ልጆቹ ከሰሉን እያዩ ተከራከሩ። እሷ “በሱ በኩል ነው”፣ እሱ “በሷ በኩል ነው” ይላሉ። እትዬ ያምሮት ነገሩ ቢያንገበግባት ከራሷ ከረጢት አንድ እፍኝ ጥጥ አውጥታ ወተፈችበት። ያኔውኑ ድንበር ደፈርሽ ተብላ ሹሙ ዘንድ ቀረበች፤ ተገሥጻም ተመለሰች። የዚያን ቀን ምሳም እራትም አልበላችም።

“እኔ ግን” አለችኝ አጥሩን ይዛ፣ “እዚያ ክፍተት ውስጥ አልገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።”

“ምን ልታደርጊ ነው?” አልኳት።

“አላውቅም ገና። ግን አልገባም።”

ሽበቷ በወጣ ጊዜ ልጆቿ መጡ። ሹሙም ከሰላቸውን በወረቀት ጠቅልለው አብረው መጡ። የመጡት ለክፍፍሉ ቀን ሊቆርጡ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ልጆቹ ድርሻቸውን ቀደም ብለው ማየት ጀመሩ። ዳምጠው ጣሪያውን አንጋጦ ያያል። በበኩር ደንብ ጣሪያው የሱ ነው፤ የራሱን ቤት ግድግዳ ካቆመ ቆይቷል፣ ሚስቱም ሸራ ወጥራ ከሥሩ ትኖራለች። ማንደፍሮ ደግሞ ወለሉን ትቶ የእናቱን ባት ይዳስሳል።

“እማዬ፣ ጉልበትሽ ይቆረጥምሻል?”

“አንተ፣ በሬ ልትገዛ ነው እንዴ የምትደባብሰኝ?” አለችና እጁን መታ አደረገችው።

“አይ፣ እንደው ድርሻዬ ስለሆነ ነው…”

“እኔ ግድግዳውን ብወስድ ደስ ይለኛል” አለች ስንቅነሽ ቶሎ ብላ፣ “ግን ሳሏ የማን እንደሆነ ከአሁኑ ይለይልን። ከደረት ይነሣል፣ በአፍ ይወጣል።”

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ሳል መንገደኛ ነው፤ ባለፈበት ሁሉ ባለቤቱ ይቀበለዋል” ብለው ፈረዱ። ሁሉም በፍርዱ ተደሰቱ። ለክፍፍሉም ከክረምቱ በፊት ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። እትዬ ያምሮት ጥጥ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጣች፤ መሰላሉ ሸርተት አለና ወደቀች። ከገላ ሁሉ ወገቧን! ጩኸቷን ሰምቼ በአጥሩ ዘልዬ ገባሁ፤ በዕድሜዬ አጥር መዝለሌን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ወጌሻው መጥቶ አሽቶ ጠመጠመላትና “ሳልነግርሽ ከአልጋ እንዳትወርጂ” አላት።

ሹሙን ብንጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። “ወሰን ያልተሰመረበት ገላ የሁሉም ነው” አሉ። ስለዚህ በከተማችን ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ሦስት ልጆች አንዲትን እናት ሙሉዋን ማስታመም ጀመሩ። ሰው እየመጣ በመስኮት ያያቸው ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ አላወቁበትም። ዳምጠው የተዘጋጀው ለራስ ነበር፤ ማበጠሪያ ገዝቶ፣ ጨዋታ ለቃቅሞ፣ ተረት አጥንቶ ነበር የቆየው። አሁን እናቱን በብብቷ ይዞ ማንሣት፣ ጀርባዋን ማገላበጥ፣ ሽንት ቤት ማድረስ መጣበት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሠራው። ማንደፍሮ የአህያ ጋሪውን አቁሞ እናቱ ዘንድ ውሎ ያድራል፤ ደንበኞቹ ሌላ ባለ ጋሪ ያዙ፣ ሚስቱ ተናዳ ልብሱን ጠቅልላ ላከችለት። ስንቅነሽ የክር ሱቋን ዘጋች። አንድ ቀን የአጥሚት ሳህን እንደያዘች አልጋው አጠገብ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ሳህኑ ዘነበለ፣ አጥሚቱ አንሶላው ላይ ፈሰሰ፣ ልጅቷ አልነቃችም። እትዬ ያምሮት ከአልጋዋ መነሣት ስለማትችል ተኝታ ታያታለች። ልጇ ናት፤ አንጀቷን በላችው።

ያን ለት ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ስገባ እጄን ሳበችኝ።

“እኔ ሕጉን የክፋት ይመስለኝ ነበር” አለችኝ። “የክፋት አይደለም። ደክሞት የነበረ ሰው ነው ያወጣው። አንዲት አሮጊት ሙሉዋን ለአንድ ሰው ትከብደዋለች። እናካፍላት አሉ፤ ተሳሳቱ እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም።”

“ታዲያ ልትከፈዪ ነው?”

“እኔ አልከፈልም። እነሱም አይከፈሉም። ቆይ ብቻ ልነሣ።”

የክፍፍሉ ቀን ደረሰ። እትዬ ያምሮት በምርኩዝ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ልጆቿ ነጭ ለብሰው መጥተዋል፤ ዳምጠው መሰላል ተከራይቶ ከአጥሩ ጋር አስደግፎታል። ሹሙ ከሰላቸውን ፈቱ። ከእትዬ ያምሮት ጎን ደግሞ ማንም የማያውቃት ትከሻ ሰፊ ሴት ቆማለች። ወለላ ትባላለች፤ ከዚያ በፊት ወፍጮ ቤት ጆንያ ስትሸከም የኖረች ናት።

“ጌታው፣ ከሰሉን ያስቀምጡት፤ እጅዎ ይጠቁራል” አለች እትዬ ያምሮት። “ቤቱን ዛሬ አልከፍልም።”

“አልተሻለዎትም እንዴ? ሌላ ቀን እንቁረጥ?” አሉ ሹሙ በትሕትና።

“የምሞትበትን ቀን ይቁረጡልኛ! ከቻሉ።” ከዚያ ወደ ልጆቿ ዞረች። “ስሙኝ ልጆቼ። ቤቱ እስካለሁ ድረስ ሙሉው የኔ ነው። የጥጥ ክፍሎቹን አስለቅቄ አከራያቸዋለሁ፤ ጣሪያ የሚጠብቅ ባልና ሚስት በዚህ ከተማ ሞልቷል። በኪራዩ ወለላን ቀጥሬያለሁ። እሷ ታነሣኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ራሴንም እግሬንም። ኪራዩ ካልበቃ የጓሮው መሬት ይሸጣል። እሱም ካልበቃ ቤቱ። አእምሮዬን የሳትኩ እንደሆነ በኔ ፈንታ የምትናገረው ስንቅነሽ ብቻ ናት፤ ሦስት አፍ አልፈልግም። ስሞት የተረፈውን እኩል ትካፈላላችሁ።”

“የተረፈውን?” አለ ዳምጠው። “ካልተረፈስ?”

“ካልተረፈማ በላሁት ማለት ነው። ልፋቴ ነው፤ አይጣፍጠኝም ብለህ ነው?”

“እማዬ!” ዳምጠው ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። “እኔኮ ግድግዳ አቁሜ ነው የምጠብቀው። ክረምቱ በር ላይ ነው። ግድግዳዬን ዝናብ ሊበላው ነው! ሚስቴ በሸራ ሥር ናት!”

“አውቃለሁ የኔ ልጅ። አውቃለሁ እኮ። ላም አለኝ በሰማይ ብለህ እንድትኖር ያደረግንህ እኛ ነን።” ሳትራራለት ቀርታ አይደለም። “ግን ጣሪያዬን ብሰጥህ አንተ ትደርቃለህ፣ እኔ እረጥባለሁ። ከዚያ እኔን ለማድረቅ ከሥራህ ትቀራለህ። ለሁላችንም ከድጡ ወደ ማጡ ነው።”

ሹሙ ከሰላቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰውየው አልተቆጡም፤ ግራ ነው የገባቸው።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና” አሉ፣ “ድርሻ ከሌለ፣ ወሰን ከሌለ፣ ተቀጣሪ ካለ… ልጆችዎ ታዲያ ለምን ብለው ይመጣሉ?”

እኔም ከአጥሬ በላይ አንገቴን አሰግጌ የሷን መልስ ጠበቅኩ።

“እሱን” አለች እትዬ ያምሮት ቀስ ብላ፣ “እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።”

ዳምጠው የተከራየውን መሰላል ተሸክሞ ወጣ። ደህና ሁኚም አላለም።

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው። “ልጆቿን የነቀለች ሴት” አሏት ገበያ ላይ። ድርሻ የሌለው ልጅ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ እንደማያውቅ ሁሉም ሰው ምሎ ይናገራል፤ ድርሻ የሌለው ልጅ አይቶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ስንቅነሽ ሱቋን ከፈተች፤ ስትዘጋ በእናቷ በኩል ታልፋለች፣ ቁጭ ትላለች፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። እንቅልፏን ጠግባ የተኛች ልጅ ሳቋ ራሱ ሌላ ነው። ማንደፍሮ ከሚስቱ ታርቆ ከነሚስቱ እየመጣ የወለላን ወጥ ድስቱ እስኪያብረቀርቅ ይበላል። ዳምጠው ግን የለም።

ክረምቱ ገባ። የዘንድሮው ዝናብ ደግሞ ዝናብ ነው እንዴ! እትዬ ያምሮት ከወፍራሙ ቆርቆሮ ሥር፣ ደረቅ አልጋ ላይ፣ በራሷ እጅ በሞላችው ፍራሽ ላይ ተኝታ እንቅልፍ አጣች።

“ቆርቆሮው ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ልጄ ራስ ላይ የሚያርፍ ነው የሚመስለኝ” አለችኝ አንድ ጠዋት። ዓይኗ ቀልቷል። “ጣሪያውን ልስጠውና ይውጣልኝ ይሆን?”

እኔ ምን ቆርጦኝ እመልስላታለሁ! የሰው እናት ልብ ውስጥ አልገባም። የመለሰችላት ወለላ ናት፤ የእትዬ ያምሮትን እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረች።

“ይስጡታ” አለች። “ከዚያ ዝናቡ እርስዎ ላይ ይሆናል። እሱም ጃንጥላ ይዞ ይመጣና ራስዎን ብቻ ያስጠልልዎታል።”

እትዬ ያምሮት ሳይታሰብ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጣሪያውን አልሰጠችም፤ በየቀኑ ግን ከምሳ በኋላ ወንበሯን ወደ በሩ ታስዞራለች። እኔም ሥራ ፈትቼ ከሷ ጋር መንገዱን አያለሁ። አንዳንዴ የሚመጣ ሰው ስናይ ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ ከዚያ የክፍሎቹ ተከራይ ሆኖ ይገኛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ ዳምጠው መጣ። ፀጉሩ ላይ የሣር ስባሪ ተሰክቷል፤ መዳፉ ተሰነጣጥቋል። ለካ ሚስቱ “ከእናትህ ጣሪያ ሣር ይቀርባል” ብላው ኖሯል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ማጭድ ይዘው ወንዝ ወርደው ቤታቸውን በሣር ከድነውታል። በከተማችን በሕይወት ካለ ወላጅ ጣሪያ ሳይነቅል ቤቱን የከደነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እሱ ግን ይህን አላወቀም፣ ያፈረ ነው የሚመስለው።

“እንደምን ዋልሽ” አለ በሩ ላይ ቆሞ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ታፈሳለች ወይ?”

“ማን?”

“ቤትህ ነዋ!”

“አንድ ጥግ ላይ ብቻ።” ከፀጉሩ የሣሩን ስባሪ ነቀለና፣ “ሚስቴ ሳህን አስቀምጣበታለች” አለ።

ገባ። እንደ ለመደው በራስጌዋ በኩል ሄዶ ተቀመጠ፤ ማበጠሪያውንም ከኪሱ አወጣ፣ ግን እንደተበጠረች አይቶ መልሶ ከተተው። ከዚያ እጁን የሚያደርግበት አጣ። ወለላ ግርጌ ተቀምጣ የእትዬ ያምሮትን የእግር ጥፍር እየቆረጠች ነበር፤ እሳት ላይ የጣደችው ወጥ ሲገነፍል ሰማችና ብድግ አለች።

“ይቺን ጨርስልኝ” አለችና ጥፍር መቁረጫውን እጁ ላይ አስቀምጣለት ሮጠች።

ዳምጠው መስኮቱን አየ። ሹሙ ቢያልፉ ምን ይላሉ ብሎ ፈርቶ መሆን አለበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ለራስ ነው የታጨው። ዞሮ ግርጌ ተቀመጠ፣ እግሯን አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በሕመሟ ጊዜ ያን ሁሉ ሲያነሣና ሲያገላብጣት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እንጂ እግሯን አስተውሎ አይቶት አያውቅም። አሁን አየው። ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ በጥጥ ክምር ላይ ስትወጣና ስትወርድ የኖረችበት እግር ነው። ቆይቶ ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ መቁረጫው እጁ ላይ ቀረ። ጣቷ ወደ ውስጥ ታጥፋ ጎረቤቷ ላይ ወጥታለች።

የራሱን ጫማ አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። እግሩን ከእግሯ አጠገብ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

“እማዬ” አለ። “ትንሿ ጣትሽ ቁርጥ እኔን!”

“አንተ ነህ እንጂ ቁርጥ እኔን!” አለች እትዬ ያምሮት። “ማን ቀድሞ መጣና!” አለችና እግሯን ጭኑ ላይ አመቻቸች።